ናሙናው የተሰፋበት ጨርቅ

ጥቅምት 9

እታለም፣

መጀመሪያ ልናገር፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍ የቀረሁት ረስቼሽ አይደለም። በየቀኑ እጀምራለሁ፣ በየቀኑ አንድ ነገር ይጠራኛል። አሁን እንኳ የስታቲስቲክስ መጽሐፌ ተከፍቶ እያየኝ ነው የምጽፍልሽ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። እበላለሁ። ብርድ ልብሱ ይበቃኛል። ክፍላችን አራት አልጋና አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚከፈተው በጉልበት፣ የሚዘጋው በልመና ነው። ከላዬ የምትተኛዋ ልጅ አታንኮራፋም፣ ግን በእንቅልፏ ቁጥር ትቆጥራለች። መጀመሪያ ፈርቻት ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

እማዬ «ለመሸጥ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» ያለችውን እኔም የመጀመሪያ ቀን ጠይቄዋለሁ። አስተማሪያችን አጭር ሰውዬ ነው። ምን ብትመልሺለት «ለምን?» ስለሚል ተማሪው ሁሉ «አቶ ለምን» ነው የሚለው። «ማርኬቲንግ መሸጥ አይደለም። ሳትለምኑት ፈልጎ እንዲመጣ ዕቃውን ለሰውዬው ማስማማት ነው» አለን። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ «ይህን ማን ይገዛል?» አለ። «ተማሪ» አልነው። «ለምን?» «ሊጽፍበት።» «ለምን?» እንዲህ እያለ አንዷን ልጅ ሊያስለቅሳት ምንም አልቀረው።

«በአንድ ወንበር ሁለት ሰው እንማር» ያልሽውን አልረሳሁም። አንቺ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተርሽን ዘግተሽ የስፌት መኪና ላይ ባትቀመጪ እኔ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ስለዚህ በየደብዳቤው አንድ ትምህርት እልክልሻለሁ፣ አንቺ በስፌት ቤቱ ትሞክሪዋለሽ። የዛሬው ይኸውልሽ፦ ዕቃውን የሚገዛውና የሚጠቀምበት ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ዩኒፎርሙን የሚለብሰው ልጁ ነው፣ የምትገዛው እናቱ ናት። እሷን የሚያስጨንቃት ምንድን ነው? እሱን ፈልገሽ መልሺልኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 3

አንቺ ወሬኛ፣

የጤናውን ጥያቄ ዘለልኩት፤ አንድ ነገር ብንሆን ስልክ አለ። በስልክ ለምን አናወራም ላልሽው፣ በስልክ የነገርሽኝ ነገር መኪናውን ሳስነሳ ከጆሮዬ ይወጣል። የጻፍሽውን ግን ልኬት ከምጽፍበት ደብተር ውስጥ ከትቼ ሥራ ሲቀዘቅዝ አወጣዋለሁ። እማዬም ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤሽን ሳነብላት እንደ ሬዲዮ ነው የምትሰማው፤ ካልጣማት «ድገሚው» ትላለች።

አሁን ስሚኝ። እንዳልሽው በሩ ላይ ቆሜ ልጅ ይዛ የምታልፈውን እናት ሁሉ ጠየቅኩ። አንዷ «ሦስት ልጅ አለኝ፣ ሦስቱም በዓመቱ አጋማሽ ከሱሪያቸው ይወጣሉ» አለችኝ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም ይህንኑ። እግዜር ያሳይሽ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ስሰፋ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም! ቤት ገብቼ የሱሪውን ጠርዝ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጠፍኩና «ልጅሽ ሲያድግ ይዘሽው ነይ፣ በነጻ እለቅልሻለሁ» ማለት ጀመርኩ። ጉድ በይ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠራርተው መጡ። እማዬ ቁልፍ ስትተክል ጣቷን ስንቴ እንደወጋች አልነግርሽም።

ደስታው በደንብ የተሰማኝ ለምን መሰለሽ? ይህ ዓመት ክፉ ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ ሰፊ እንደሚመርጥ ታውቂያለሽ፤ የተመረጠው ሰፊ ጋ ነው ወላጆች ሁሉ የሚላኩት። አምስት ዓመት የኔ ነበር። አሁን ግን ጥጉ ላይ አንድ ሰውዬ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ስፌት ቤት ከፍቷል፤ አምስት መኪና፣ በየደጁ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት። ሰፈሩ «ባለ መስታወቱ» ብሎታል። ርዕሰ መምህሯ ዘንድሮ ከሁለታችንም ናሙናና ዋጋ እንደሚቀበሉ ነግረውኛል። ይህ ሥራ ከእጄ ከወጣ ስፌት ቤቱ አለቀለት። ዚፕ በመቀየርና ሱሪ በማሳጠር ኪራይ አይወጣም።

ግን አልፈራሁም። አንቺ እያለሽ! ለሚመጣው ሁሉ «እህቴ ኮሌጅ ማርኬቲንግ ትማራለች፣ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት» እያልኩ ነው። አፌን ሞልቼ። ለአቶ ለምን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።

እህትሽ


ጥር 21
(ተጽፎ ያልተላከ)

እታለም፣

ወድቄአለሁ። ሌላ መጀመሪያ የለውም፣ ስለዚህ በሱ ልጀምር።

የጣለኝ ስታቲስቲክስ ነው። አንዴ ወደቅኩ፣ ድጋሚ ተፈተንኩ፣ ድጋሚ ወደቅኩ። ያለፉት ተማሪዎች መለያ ቁጥር ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የኔ የለም። መዝገብ ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፣ «በደንቡ መሠረት ተሰናብተሻል፤ ከፈለግሽ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ተመዝገቢ» ብላ ወረቀቱን በቀዳዳው አወጣችልኝ። አቶ ለምን በኮሪደሩ ሲያልፍ አይቶኝ ቆመ፤ የሚጠይቀኝን ስለማውቅ ሌላ በር ገባሁ። የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። መጥረጊያ መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

መኝታ ቤቱን ለቅቄአለሁ። አሁን ከሁለት ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይቼ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ የልብስ ሳሙና አስተዋዋቂ ሆኛለሁ። ቢጫ ሽርጥ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሳህን ውሃ። አለቃችንን «ካፒቴን» እንለዋለን፣ ፊሽካ ስለሚነፋ። ነጭ ጨርቅ ላይ ቆሻሻ አድርገን በሰው ፊት እናጥባለን፣ ጨርቁ ያንጸባርቃል፣ ሰው ይገዛል። ትናንት የደረስኩበትን ልንገርሽ? ቆሻሻው እዛው የተቀመመ ነው። ያለ ሳሙና፣ በባዶ ውሃም ይለቃል። ካፒቴን ስጠይቀው ሳቀ፤ «ናሙና ሁልጊዜ ከዕቃው መብለጥ አለበት። ሰው የሚገዛው ያየውን ነው፤ ቤቱ ከገባ በኋላ የራሱ ጉዳይ» አለኝ።

እታለም፣ ለደንበኛው ሁሉ ስለኔ አፍሽን ሞልተሽ እንደምታወሪ ጽፈሽልኛል። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? አንቺ ከአስራ አራት ዓመትሽ ጀምሮ ጀርባሽ የጎበጠው ለዚህ ነው ወይ? ቢሆንም ነግሬሻለሁ። አሁኑኑ ወስጄ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ።


ጥር 21

እታለም፣

ዝምታዬን በፈተና አሳቢልኝ። ከብዶ ነበር፣ ተገላገልኩት። አድራሻዬ መቀየሩን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ መኝታ ቤቱ ስለሚታደስ ውጭ ተከራይተናል። ከእንግዲህ በዚህ በአዲሱ ጻፊልኝ።

ትምህርቱ አሁን ወደ ተግባር ገብቷል፣ ከሰው ጋር ነው የምንውለው። ድምፄ ሊዘጋ ነው፣ ግን ደስ ይላል። በመጨረሻው ደብዳቤሽ የተረፈኝ አራት ጣቃ ጨርቅ እንዴት ቶሎ ይሸጥልኝ ላልሽው ይኸው፦ ሰው ጊዜ አለኝ ብሎ ካሰበ ነገ እመጣለሁ ይላል። ጊዜ አሳጪው። በካርቶን ላይ «በዚህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ብቻ» ብለሽ በሩ ላይ ለጥፊ። ቅዳሜ ምን አለ ብለሽ አትጨነቂ፣ ቀኑ ራሱ ይሠራል።

እማዬን ዓይኗን እንድትታይ አደራ። እንዳታመካኝብሽ።

ታናሽሽ


የካቲት 14

አንቺ ጠንቋይ፣

ካርቶኑን ሰኞ ለጠፍኩ። ሐሙስ ቀን በሩ ላይ መተላለፊያ ጠፋ። ልጅ የሌላት ጎረቤታችን እንኳ ግርግሩን አይታ ልትለካ መጣች፤ «የማንን ልጅ ነው?» ብላት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሊያልቅ ነው ሲሉ ነው» አለችኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አራቱም ጣቃ አለቀ።

እማዬ ግን ኩርፍ ብላለች። «ከቅዳሜ በኋላ በዚሁ ዋጋ አትሰፊም ወይ?» አለችኝ። «እሰፋለሁ» አልኳት። «ታዲያ እስከ ቅዳሜ ለምን አልሽ?» ትምህርት ነው እማዬ፣ ኮሌጅ የሚያስተምሩት ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት። ዝም አለች ግን አልተስማማችም፤ ታውቂያታለሽ።

አሁን ዋናውን ልጠይቅሽ። ባለ መስታወቱ ዋጋውን ቆርጦ አስገብቷል። ርዕሰ መምህሯ ሊነግሩኝ አይገባም ነበር፣ ግን ያዝኑልኛል፤ «ካንቺ በብዙ ያንሳል፣ አስቢበት» አሉኝ። እሱ ጨርቅ በጅምላ ያስመጣል፣ እኔ ከነጋዴ በጣቃ ነው የምገዛው። በእሱ ዋጋ እሰፋለሁ ብል ራሴን መብላቴ ነው። ናሙናው መጋቢት መጨረሻ ይገባል። ምን ላድርግ? እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እውነቴን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። ደብዳቤሽ አጠረ። አቶ ለምንም ከውስጡ ጠፉ። ታመሙ እንዴ?

እህትሽ


የካቲት 25

እታለም፣

አቶ ለምን ደህና ነው። የተግባሩን ትምህርት የሚሰጠን ሌላ ሰው ስለሆነ ነው ያልጠቀስኩት። ይሄኛው በመጽሐፍ አያምንም፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፣ በየቀኑ ከነጋ እስከ ማታ ከእሱ ጋር ነን። ያንቺንም ጉዳይ አጫውቼዋለሁ።

አትጨነቂ፣ መንገድ አለው። ዋጋሽን ከባለ መስታወቱ በትንሹ ዝቅ አድርጊ። ናሙናውን ግን ገበያ ውስጥ ካለው ጨርቅ ሁሉ በሚበልጠው ስፊው። ንጹሕ ጥጥ፣ ወፍራም ገበር፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ቁልፉ ከባድ። ርዕሰ መምህሯ በእጃቸው ሲይዙት የእሱን ዳግም እንዳያዩት። ናሙና ሁልጊዜ ከዕቃው መብለጥ አለበት፣ ሰው የሚገዛው ያየውን ነው። ዋናውን ሥራ ከተቀበልሽ በኋላ ዋጋው በሚችለው ጨርቅ ትሰፊዋለሽ። ከሩቅ ሲያዩት ቀለሙ አንድ ከሆነ ማንም ክር አይቆጥርም።

ሥራው ያንቺ ነው፣ ልቤ ነግሮኛል።

ታናሽሽ


መጋቢት 10

እህትዬ፣

ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብ ገበር ላይ ደርሼ አቆምኩ። «ቀጥይ» አለችኝ፣ ቀጠልኩ። ስጨርስ «ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?» አለችኝ።

እኔም እሷ ፊት ተከራከርኩልሽ እንጂ ያንኑ ነው የማስበው። ንጹሕ ጥጡን ናሙና ብዬ አሳይቼ በዚያ ዋጋ ላስረክብ የምችለው ርካሹን ፖሊስተር ነው፤ እስከ ዛሬ የምሰፋበትን መካከለኛውን እንኳ አይገዛልኝም። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ካሳየሁት ሌላ ሰጥቼ አላውቅም። ደግሞ እናቶቹን አውቃቸዋለሁ፣ በየቀኑ በር ላይ የምናወራ ሰዎች ነን።

አንቺ ግን ተምረሻል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ የማላውቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ምናልባት እኛ ማታለል የምንለውን ነገር ዓለም ሁሉ ሥራ ይለው ይሆናል። ስለዚህ አስተማሪሽን በደንብ አድርገሽ ጠይቂልኝ፣ ከዚያ እውነቱን ጻፊልኝ። ትክክል ነው ካልሽኝ አደርገዋለሁ።

እህትሽ


መጋቢት 18

እታለም፣

ጠየቅኩት። ስቆ «እህትሽ የድሮ ሰው ናት» አለኝ፣ በክፋት አይደለም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁሉ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለውን ብስኩት ከፓኬቱ ውስጥ አግኝተሽ ታውቂያለሽ? ማንም ከሶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ሁሉም ያውቀዋል። ማታለል የሚሆነው የሌለሽን ነገር ስትሸጪ ነው፤ አንቺ ዩኒፎርም ብለሽ ዩኒፎርም ነው የምትሰጪው።

ትክክል ነው እታለም። እማዬን አይዞሽ በያት። ጊዜው ተለውጧል፣ ባለ መስታወቱ አንቺን ሲያስብ አያድርም።

ታናሽሽ


ግንቦት 6

የኔ ኩራት!

አሸነፍን። እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ! ርዕሰ መምህሯ ሁለቱን ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። የእሱን አየት አድርገው ተዉት። የኔን እጅጌ በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «እንዲህ ያለ እጅ እያለን የት ልንሄድ ነበር!» አሉ። የሁለት መቶ አርባ ልጆች ልብስ። በዋጋም በዕቃም ከእሱ በለጥኩ። ለመስከረም አስረክባለሁ።

ባለ መስታወቱ እስከ በሬ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «በዚህ ዋጋ እንዴት እንደምትችዪው አንድ ቀን ታስተምሪኛለሽ» አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን ሳቁ አልጣመኝም። ምን እንደሆንኩ እንጃ።

ሳትጠይቂኝ ለምን አደረግሽ እንዳትዪኝ እንጂ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ለአቶ ለምን የምስጋና ደብዳቤ ጽፌ ከአንድ ሸሚዝ ጋር በኮሌጁ አድራሻ ልኬላቸዋለሁ። አጭር ናቸው ስላልሽኝ በግምት ነው የሰፋሁት፤ ከሰፋቸው ይመልሱልኝ፣ አጠብብላቸዋለሁ። ያስተማረሽ ሌላው ቢሆንም ስለ ናሙናው ትምህርትም ጽፌ አመሰገንኳቸው። የመጀመሪያውን ወንበር የሰጡሽ እሳቸው ናቸው።

እህትሽ


ግንቦት 15

እታለም፣

ምነው ሳትጠይቂኝ! አስተማሪ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው፣ እኔ ላይ ነገር ያመጣብኛል። ደግሞ አሁን ኮሌጁ ሊዘጋ ነው፣ ደብዳቤው እጁ አይገባም። ሁለተኛ አትጻፊለት፣ እባክሽ። አልተቆጣሁም፣ ደንግጬ ነው። ስላሸነፍሽ ደስ ብሎኛል፤ በጣም።

ታናሽሽ


ነሐሴ 8

እህትዬ፣

ስልክሽን ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሺም። ስለዚህ ይህን ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፣ አንቺም በደረሰሽ ዕለት መልሺልኝ።

ፖሊስተሩን ገዛሁ። ዋጋው የሚችለው እሱን ብቻ ነው። ቤት አምጥቼ ቁራጩን ሳህን ውስጥ ነከርኩት፣ ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ደርቆ ስለካው አንድ ጣት አጥሯል። ከዩኒፎርሙ ነጭ ሸሚዝ ጋር አብሮ ቢታጠብ ሸሚዙንም ሰማያዊ ያደርገዋል። እማዬ ሳህኑ ውስጥ እጇን ከታ አወጣችና አሸተተችው።

ነጋዴውን ለምኜዋለሁ፣ ያልተቆረጠ ከሆነ እስከ ነሐሴ 20 ይመልስልኛል። ከመለስኩት ርዕሰ መምህሯ ጋ ሄጄ «በዚህ ዋጋ ያሳየኋችሁን መስፋት አልችልም፣ ተሳስቻለሁ» እላቸዋለሁ። ሥራው ለባለ መስታወቱ ይሄዳል። ስፌት ቤቱን መዝጋቴ አይቀርም፣ ግን ሰው ፊት መቆም እችላለሁ። ከቆረጥኩት ግን መመለሻ የለውም።

አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ልቁረጠው ወይስ ልመልሰው? የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እህትሽ


ነሐሴ 14

እታለም፣

ቁረጪው። ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ እንዲህ ይፈራል፣ ተምረነዋል። እናቶቹ ለየብቻ እንዲያጥቡት ንገሪያቸው፣ ያልፋል።

ስልኬ ተበላሽቶ ነው። እኔ ጋ ደግሞ መልካም ዜና አለ፤ በተግባር ሥራዬ ስድስት ልጆች ከሥሬ ሆነው እንድመራቸው ተመርጫለሁ። ሲመቸኝ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 20

የሆነውን አልተርክልሽም። እናቶቹ ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ተርከውታል። የጠየቅሽኝን ብቻ ልመልስ፤ «ርክክቡ እንዴት ነበር?» ብለሽ ነበር በመጨረሻው ደብዳቤሽ።

ርክክቡ ደህና ነበር። ቀጥሎ የመጣው የመጀመሪያው እጥበት ነው። ከዚያ ርዕሰ መምህሯ የወላጆች ስብሰባ ላይ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ናሙናውን አስቀምጠውታል፤ አጠገቡ ከአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ የተወሰደ ሱሪና አንገቱ ሰማያዊ የሆነ ሸሚዝ። አልጮሁብኝም። «ሁለቱንም የሰፋሽው አንቺ ነሽ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። አንዷ እናት፣ ያቺ ሦስት ልጅ ያላት፣ «አንቺን እኮ እናምንሽ ነበር» አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪኖቹን ሦስቱንም ሸጥኩ። በተሸጡበት ገንዘብ መካከለኛውን ጨርቅ ገዝቼ፣ ከባለ መስታወቱ አንድ መኪና በውሰት አግኝቼ፣ ሁለት መቶ አርባውንም እንደ አዲስ ሰፍቼ አስረክቤአለሁ። አዎ፣ ያዋሰኝ እሱ ነው። ስፌት ቤቱን ለባለቤቱ አስረከብኩ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ከኮሌጁ አንድ ጥቅል መጣ። ሸሚዙ ተመልሷል፣ ሳይለበስ። አቶ ለምን አንድ ገጽ ጽፈዋል፤ በዕረፍቱ ምክንያት ዘግይተው በማየታቸው ይቅርታ ጠይቀዋል። አንቺ ከጥር ወዲህ ተማሪያቸው እንዳልሆንሽ ጽፈዋል። እንዲህም ይላሉ፦ «ናሙናና ዕቃ ይለያዩ ብሎ የሚመልስ ተማሪ እኔ ጋ አያልፍም። እህትዎን ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ቁጥር አልሆነላት እንጂ በደንብ ታስብ ነበር። መጥታ ብታነጋግረኝ ኖሮ ማስጠኛ ክፍል አስገባት ነበር፤ ቢሮዬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።»

ወድቄአለሁ ብትዪኝ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? አንድ ቀን እቆጣ ነበር። በማግስቱ «ነይ፣ ቁልፍ ትከዪ» እልሽ ነበር። መውደቅ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሰፋሁትን ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ።

ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅኩሽ። የካቲት ላይ ናሙናውን ከሁሉ በሚበልጠው ስፊው አልሽኝ። መጋቢት ላይ ትክክል ነው አልሽኝ። እማዬን አይዞሽ በያት አልሽኝ። ነሐሴ ላይ ጨርቁ ሳይቆረጥ፣ ነጋዴው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ፣ ቁረጪው አልሽኝ። አንጀቴን የቆረጠው እሱ ነው። መኪኖቹ ብረት ናቸው።


ጥቅምት 30

እታለም፣

ምን ብዬ ልጥራሽ? ለመጥራትም አፈርኩ።

ጥር ላይ ጽፌልሽ ነበር። እምልልሻለሁ፣ ሁሉንም ጽፌ ነበር፤ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ፣ አንቺ እየጠየቅሽ፣ እኔ የማውቀውን ሳይሆን ካፒቴን የሚባል አለቃዬ የሚያወራውን እየጻፍኩ... የልብስ ሳሙና ነው የማስተዋውቀው፣ እታለም። በአደባባይ ጨርቅ አጥባለሁ። ነሐሴ ላይ መልሺው ብልሽ «ለምን?» ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከለምኑ በኋላ ሁሉም ሊወጣ ነው። ለዚያች ፍርሃት ነው የሸጥኩሽ። ቃሉ ይኸው፣ ሌላ የለውም።

ግን አልቆ የቀረ ነገር አይደለም። ስም የሚመለስበት መንገድ አለ። መጀመሪያ ለእናቶቹ አንድ አጭር የይቅርታ ወረቀት እናትማለን፤ እኔ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ ትፈርሚበታለሽ። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ልጆች ነጻ ጥገና እንሰጣለን፤ ሰው ሃያ ሲሰማ ይሽቀዳደማል። ስድስት ወር ይበቃናል። ሥራዬን ጥዬ ልምጣ? በይኝ ብቻ። ነገውኑ እሳፈራለሁ።

ለእማዬ አንብቢላት፣ ይቅር ትበለኝ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 12

እህቴ፣

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ የእናትሽ ቤት ነው፣ እኔ ነይም አትምጪም የምል ሰው አይደለሁም። የይቅርታ ወረቀት ግን አያስፈልግም። በየቤታቸው እየዞርኩ ራሴ ጠይቄአቸዋለሁ። ገሚሶቹ ውሃ አጠጥተው ሸኙኝ፣ ገሚሶቹ በር አልከፈቱም። ልክ ናቸው።

ደብዳቤሽን ለእማዬ አነበብኩላት፣ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። እስከ መጨረሻው ሰማች። «ድገሚው» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «እውነቱ የቱ ጋ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። ሃያ ልጆች የሚለው ጋ ልትደርሺ ስትይ ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዓይኗን ታይታለች፤ ከዚህ የባሰ አይሆንም ብለዋል፣ የተሻለም አይሆንም።

የምሠራው የት ነው ብትዪ፣ ባለ መስታወቱ ጋ ነው። ሦስተኛው መኪና ላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ። የዚያን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አሁንም የምሰፋው እኔ ነኝ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ለእሱ ተሰጥቶታል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ያዩኛል። አንዳንዶቹ ሰላም ይሉኛል። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ለአምስት ሰፊ አንድ ማራገቢያ ነው ያለው እንጂ በናሙናው ያሳየውን ጨርቅ ነው የሚያሰፋን።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ማክሰኞ ዕለት ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ሌላ ሰፈር ሁለተኛ ስፌት ቤት ሊከፍት ነው። «ገበያውን የሚያጠናልኝ፣ ማስታወቂያውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እህትሽ ማርኬቲንግ ስትማር አልነበር? ሥራ ከሌላት ላናግራት» አለኝ።

ጥሩ ሥራ ነው። ጠረጴዛ አለው፣ ደመወዙም ደህና ነው፣ ቤትሽ ሆነሽ የምትሠሪው ነው። እዚያ ቆመሽ ጨርቅ ከምታጥቢ ስንት ጊዜ ይሻልሻል። ለዚህ ሥራ ነበር እኮ የላክንሽ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት።

«ሌላ ሰው ብትፈልግ ይሻላል» አልኩት።

«ምነው፣ አትችልም?»

«ትችላለች። ግን የምትታመን ሰው አይደለችም።»

ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ለሰው ስላንቺ እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሊያባብለኝ ሞከረ፣ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ እሱም ትንሽ ቆሞ ሄደ። ሥራውን ትናንት ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።

ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ፣ የነገርኩሽም እኔው ልሁን።

እህትሽ